ስልሳ ቀን እገዳ፣ አንድ ቀን ሥራ

ለአሥራ ስምንት ዓመት የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት የደሞዝ መዝገቡና ሚስቱ ናቸው፤ የቀረው ሰው «ጋሼ ድገም» ነው የሚለው። ከጎኑ ተቀምጦ ኮን የገጨ፣ ዳገት ላይ ወደ ኋላ የተንሸራተተ፣ ፍሬቻ ሳያበራ የታጠፈ ሁሉ ከእሱ አፍ የሚሰማው ይህንኑ አንድ ቃል ነው። አይቆጣም፣ አይመክርም፣ አያጽናናም። ቅጹ ላይ ይጽፋል፣ ይፈርማል፣ «ድገም» ይላል፣ ወርዶ በሩን ይዘጋል። የገዛ ሚስቱን እንኳ ፈትኖ ሁለት ጊዜ ጥሏታል። በሁለተኛው ጊዜ ቤት ውስጥ ሳምንት ሙሉ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም።

የመፈተኛዋ መኪና በፈታኙም በኩል ከእግር ሥር አንድ ፍሬን አላት። ተፈታኙ ሰው ሊገጭ ሲል ፈታኙ ይረግጣል። ፈታኙ ከረገጠ ፈተናው እዚያው አበቃ፤ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ተፈታኙ ወድቋል። በዚህ ዓይነት የወደቀ ሰው ደግሞ ሲደግም የሚፈትነው ያው የረገጠው ፈታኝ ነው፤ ፈታኙ ሥራውን ካለቀቀ በቀር ሌላ አይፈትነውም። ሰው ፈታኝ እያማረጠ እንዳያልፍ ተብሎ የወጣ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው። ሐሳቡን ያመጣው ማን ነው ቢባል ራሱ ጋሼ ድገም ነው። ከዓመታት በፊት ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ፣ ሽንጡን ገትሮ ተከራክሮ አስጸደቀው። የዚያን ዕለት እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ጣውላ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሚስት ወንድም ለፈተና ቀረበ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ማስቲካ የሚያኝክ፣ መሪውን በአንድ እጁ ካልያዘ ወንድ የሆነ የማይመስለው ሰው ነው። ከገበያው ማዕዘን ሲታጠፉ አንድ አናጺ ረጅም ጣውላ ትከሻው ላይ አጋድሞ መንገድ ያቋርጣል። አማችየው በስፖኪዮው የራሱን ፀጉር እያየ ነበር። ፈታኙ ረገጠ። መኪናዋ ቀጥ አለች፤ አናጺው ደንግጦ ሲዞር የጣውላው ጫፍ ኮፈኑን ኳ አደረገው። ማንም አልተጎዳም።

«ድገም፤» አለ ፈታኙ።

«ማን እንደሆንኩ አላወቅክም መሰለኝ፤» አለ አማችየው ማስቲካውን ወደ ሌላኛው ጉንጩ እያዞረ።

«ቅጹ ላይ ተጽፏል።»

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ አገኘ። ሦስት መስመር ናት። በቀረበብዎት ጥቆማ መሠረት ጉዳዩ ተጣርቶ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራና ከደሞዝ ታግደዋል፤ ከሰላምታ ጋር። ጥቆማው ምን እንደሚል የለም። ማን እንደጠቆመ የለም። መቼ፣ የት፣ በማን ላይ ምን እንዳደረገ አንዲት ፊደል የለችም። ደብዳቤውን ይዞ ወደ ኃላፊው ቢሮ ወጣ።

ኃላፊው በዕድሜ አሥር ዓመት ያንሰዋል። ሰው ፊት ሲሆን «እርስዎ» ይለዋል፤ ሁለት ሲሆኑ «አንተ» ነው። ፈታኙ ግን በሹመቱ ምክንያት ሁሌም «እርስዎ» ብሎት ኖሯል፤ አሁንም ከልማዱ አልወጣም።

«ምን አድርገሃል ተብዬ ነው የታገድኩት?»

«ይጣራል ይላል እኮ፣ ጋሼ። ሲጣራ ታውቀዋለህ።»

«ሳልጠየቅ እንዴት ነው የሚጣራው?»

«እሱን ለሚያጣሩት ተውላቸው፤» አለና ኃላፊው ስልኩን አንስቶ ለማስመሰል ቁጥር መደወል ጀመረ።

የሠራተኛ አስተዳደሯ ባለሙያ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ የምትሠራ፣ ደንቡን ከነአንቀጹ በቃሏ የምታውቅ ሴት ናት። በሩን ዘግታ አስቀመጠችው።

«ደንቡ ሦስት ነገር ይላል፤» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሠራተኛ ሲታገድ ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገረዋል። መልስ እንዲሰጥ ይጠየቃል። እገዳው ደግሞ ከስልሳ ቀን አይበልጥም። ካለፈ ወደ ሥራህ መመለስ ብቻ አይደለም፣ አቤቱታ ሰሚ ጉባኤ ሄደህ ልትከሳቸው ትችላለህ።»

«ታዲያ የኔ ምክንያት የታለ?»

«‹ጥቆማ› ይላል።»

«ጥቆማ ምክንያት ነው እንዴ?»

«ለእሳቸው ነው።»

«ለምን አያባርሩኝም ታዲያ? ይገላግሉኝ።»

«እንዴት ብለው? ለማባረር መክሰስ አለ፣ አንተን መጠየቅ አለ፣ ምስክር መስማት አለ። ያን ጊዜ የአማቻቸው ጉድ ይወጣል። ማገድ ግን አንድ ወረቀት ነው።» መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ጫፍ ጠራረገችው። «ከዚህ ሁሉ እኔ ምንም አላልኩህም።»

ቤቱ ሄዶ ያልጠየቁትን መልስ ጻፈ። አራት ገጽ ሆነ። በሦስተኛው ገጽ ላይ የገበያውን ማዕዘን በማስመሪያ ሣለ፤ ርቀቱን ራሱ ሄዶ በእርምጃ ለክቶ አሰፈረበት። አናጺውንም ፈልጎ አገኘው። አናጺው ደግ ሰው ነው፤ መላጊያውን አስቀምጦ «የትም ቦታ እመሰክርልሃለሁ፣ ያን ቀን ባትረግጥ እኔ ዛሬ የለሁም፤ ብቻ ቀኑን ንገረኝ» አለው። ፈታኙ ደስ ብሎት ተመለሰ። ቀኑ ግን የታለ? የሚሰማው ሰው ከሌለ ምስክር ምን ይሠራል?

አራቱን ገጽ መዝገብ ቤት ወሰደ። ጸሐፊዋ ገልብጣ ገልብጣ አየችው።

«ይሄ የየትኛው ደብዳቤ መልስ ነው?»

«የምንም። እንዲያው የኔ ቃል ነው።»

«በየትኛው ቁጥር ልመዝግበው ታዲያ? ጥያቄ የሌለው መልስ ገቢ አይደረግም።» መልሳ በመስኮቱ አሾለከችለት።

ከዚያ አቤቱታ ሰሚ ጉባኤው ዘንድ ሄደ። ጉባኤው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ላይ የተቀመጡት ባለጉዳዮች ወገባቸውን ይዘው የሚነሱ፣ ፋይላቸውን በፌስታል የጠቀለሉ ሰዎች ናቸው። በመስኮቱ ወዲያ ያለው ጸሐፊ የደብዳቤውን ቀን በጣቱ ቆጠረ።

«ገና አሥራ አንድ ቀንህ ነው። ስልሳ ሲያልፍ ና።»

«ምክንያቱ ግን አልተነገረኝም። እሱም እኮ ደንብ ነው።»

«እሱንም ስልሳ ሲያልፍ አብረህ ታቀርበዋለህ።»

ቤት መዋል የማያውቅ ሰው ቤት ዋለ። መጀመሪያ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠገነ፤ ቀጥሎ ያልተበላሸውን በር ነቅሎ ገጠመ፤ ከዚያ በኋላ መስኮት ላይ ቆሞ በመንገዱ የሚያልፉትን አሽከርካሪዎች መተቸት ጀመረ። «ፍሬቻህስ?» ይላል ለመስኮቱ። ሚስቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ማታ ደክሟት ስትገባ የቀኑን ስህተት ሁሉ ዘርዝሮ ይጠብቃታል። መታገሱን ታገሰች፤ አንድ ቀን ግን ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ተናገረች።

«ለምን አታሳልፈውም? አንድ ሰው ነው። ከተማው ውስጥ መሪ የያዘው ሁሉ አንተ ያሳለፍከው ነው እንዴ?»

«ሰው ቢገጭስ?»

«እሱ ሰው ሳይገጭ አንተ እኔን ልትገድለኝ ነው።»

ይህን እንኳ ቻለው። አንጀቱን ያሳረረው ሌላ ነበር። ፀጉሩን ሊስተካከል ሄዶ፣ አስተካካዩ፣ አሥራ አምስት ዓመት ያስተካከለው ሰው፣ ማበጠሪያውን ጆሮው ላይ አድርጎ «ለመሆኑ ስንት በላህ ብለው ነው?» አለው። በክፋት አልነበረም፤ የአየሩን ሁኔታ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀው። ፈታኙ በመስታወቱ ውስጥ የራሱን ፊት አየ፤ ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቷል፣ ተነስቶ ለመሄድ እንኳ አይመችም። አሥራ ስምንት ዓመት ከማንም ሰው አንድ ብርጭቆ ሻይ አልጠጣም። «ይጣራል» የምትለዋ ቃል ግን ሰው ጆሮ ስትደርስ «በልቷል» ሆና ነው የምትደርሰው። ስለዚህ ወደ ሥራ መመለስ ብቻውን አልበቃውም። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ምን አድርገሃል ብሎ የሚጠይቀው ሰው፣ መልሱ ከተሰማ በኋላም ጥፋት የለበትም የሚል ወረቀት። ሌላ አልጠየቀም።

በሃምሳ ዘጠነኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። የሠራተኛ አስተዳደሯ ናት። «ነገ ጠዋት ገብተህ ፈርም፤ ተመልሰሃል፤» አለችው። ድምጿ ግን የምሥራች ድምፅ አልነበረም።

በማግስቱ ሸሚዙን አስተኩሶ ገባ። ፈረመ። ወንበሩ ላይ ሁለት ካርቶን ተጭኖ ነበር፤ አውርዶ ተቀመጠ። የሚፈትነው ሰው አልተመደበለትም። የሥራ ባልደረቦቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ «እንኳን ደህና መጣህ» ይሉና ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ይጥላሉ። ሊወጡ ግማሽ ሰዓት ሲቀራቸው ኃላፊው ራሱ መጣ፣ ካርቶኖቹ ላይ ተቀመጠ፣ ፖስታ አቀበለው።

«አዲስ ጥቆማ መጥቷል፣ ጋሼ። ምን ላድርግ? እኔ ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ። ስልሳ ቀን አይለፍ ይላል፤ አላሳለፍኩም።»

ፈታኙ ደብዳቤውን ከፈተ። ያችው ሦስት መስመር ናት፤ ቀኗ ብቻ ተቀይሯል።

«ይሄ ቀልድ ነው፤» አለ።

«ልጁ እኮ ልጅ ነው። አንተ ምራቅህን የዋጥክ ሰው ነህ። ስትመለስ እሱም ይመጣል፤ ትፈትነዋለህ፤ ትግባባላችሁ።» ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሄደ።

ጉባኤው ዘንድ ሮጠ። ጸሐፊው ሁለቱን ደብዳቤ ጎን ለጎን አድርጎ አየ፤ የፈረመበትን ቀንም ጠየቀው።

«ታግደህ ነበር፣ ተመልሰሃል። ይሄ ሌላ እገዳ ነው።»

«ለአንድ ቀን ነው እኮ የተመለስኩት።»

«ስንት ቀን ይሁን አይልም ደንቡ።»

«አንተስ ሲታይህ ምን ይመስልሃል?»

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየው። ክፉ ፊት አልነበረውም። «እኔ የሚመስለኝን አይደለም የምመዘግበው፣ ወንድሜ። ስልሳ ሲያልፍ ና።»

ደረጃውን በንዴት ወረደ። ሠራተኛን ከበደል ለመከለል የወጣችው ስልሳ ቀን እሱን ለማሠቃየት ተመቸች። ገደብ ባይኖር ኖሮ ቢያንስ አንድ ጊዜ ብቻ ይታገድ ነበር። አሁን ግን በየሁለት ወሩ እንደ አዲስ የሚታገድ ሆነ፣ ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ።

ሁለተኛው ስልሳ ቀን ከመጀመሪያው ረዘመ፤ በሰዓት ያው ነው፣ ለእሱ ግን ረዘመ። ሲያልቅ ተመለሰ፣ ፈረመ፤ አማችየውም ማስቲካውን እያኘከ መጣ። ዳገቱ ላይ እንዲያቆምና እንዲነሳ አዘዘው። አማችየው ፍሪሲዮኑን በድንገት ለቀቀ፣ መኪናዋ ጠፋች፣ የእጅ ፍሬን የሚባል ነገር መኖሩን ረስቶ ወደ ኋላ ሁለት ሜትር ተንሸራተተ። ከኋላ አንድ አሮጊት ቆመዋል። ፈታኙ ረገጠ። ጠቅላላው አራት ደቂቃ አልፈጀም። ከሰዓት በኋላ ፖስታው ደረሰው፤ ኃላፊው በዚህኛው ጊዜ ራሱ አልመጣም፣ በቢሮው ጸሐፊ ነው የላከው።

ሦስተኛውን ስልሳ ቀን ከሚስቱ ጋር ሳይነጋገሩ አሳለፉት ማለት ይቀላል። እሷ ደሞዟ ብቻውን ቤቱን እንደማይችል ታውቃለች፤ እሱም ታውቃለች ብሎ ዝም ይላል። አንድ እሑድ ብቻ፣ ልብስ ስታጥፍ፣ ቀና ሳትል «እኔ ጥፋት እንደሌለብህ አውቃለሁ እኮ» አለችው። «አንቺ ማወቅሽማ ምን ዋጋ አለው?» አላት። አባባሉ ክፉ ነበር፤ እንደተናገረው ቆጨው። እሷ ግን ሸሚዙን አጥፋ ጨርሳ ሌላ አነሳች።

ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ። ፈረመ። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን አሰረ። አማችየው መጣ፤ ማስቲካ የለም። ወንበሩን አስተካከለ፣ ስፖኪዮዎቹን አንድ በአንድ አየ፣ ቀበቶውን አስሮ ሁለት እጁን መሪው ላይ አደረገ። ፈታኙ በጎን አየው።

«ልነሳ?» አለ አማችየው።

«ተነሳ።»

ተነሳ። ኮኖቹን በኋላ ማርሽ አልፎ አንዱንም ሳይነካ ገባ። ዳገቱ ላይ ቆመ፤ የእጅ ፍሬኑን ያዘ፣ ነዳጅ ሰጠ፣ አንዲት ጣት ታህል ሳይንሸራተት ተነሳ። ፈታኙ ቀኝ እግሩን ፍሬኑ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል። አሁን ይሳሳታል አለ በልቡ። አልተሳሳተም። ወደ ከተማ ወጡ፤ ለእግረኛ ቆመ፤ ለአውቶቡስ ቅድሚያ ሰጠ፤ የገበያውን ማዕዘን ከሩቅ ፍጥነቱን ቀንሶ ግራ ቀኝ አይቶ ታጠፈ። ፈታኙ እግሩ ይበላው ጀመር። ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ቢጫነው ፈተናው ያበቃል፤ ማንም ለምን አይለውም። አንድ ውሻ ከእግረኛ መንገዱ ጫፍ ቆሞ ሊሻገር ሲያመነታ አየና እግሩ ተወጠረ። አማችየው ግን ውሻውን ቀድሞ አይቶታል፤ ቆመለት። ውሻው ተሻገረ። ፈታኙ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሳ፤ በሕይወቱ በዚያች ደቂቃ እንዳፈረ አፍሮ አያውቅም።

«ማን አስተማረህ?» አለ።

«ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ጎረቤት አለን። ሁለት ወር በየቀኑ አለማመደኝ። መጀመሪያ ቀን እንደወጣን ‹አንተን መንገድ ላይ የሚለቅህ ወንጀለኛ ነው› አለኝ።» ማርሽ ቀየረ። «ጋሼ፣ የዛን ቀን ልክ ነበርክ። ሰውዬውን አላየሁትም።»

ፈታኙ ስድስት ወር ሙሉ ሊሰማው የፈለገው ቃል በሩጫ ላይ ባለች መኪና ውስጥ፣ ያለ ምስክር ተነገረ።

«ይሄን ጽፈህ ፈርምልኝ፤» አለው። «ሁለት መስመር ይበቃል።»

«እሱስ ይቅርብኝ። ቤት ውስጥ ጦርነት ነው የሚነሳው፣ እህቴን ታውቃታለህ። አንተ ብቻ እወቀው ብዬ ነው።»

ግቢ ገብተው ቆሙ። ፈታኙ ቅጹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ቢጥለው ይዋሻል። ቢያሳልፈው እውነት ነው፤ ግን ያን እውነት ከእሱ በቀር የሚያምነው ሰው በዚህ ምድር ላይ የለም። ለማንም የማይታይ ነገር እየፈረመ መሆኑን አውቆታል። «አልፏል» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ወርዶ በሩን ዘጋ።

የዚያን ዕለት የመጣው ፖስታ አራት መስመር ነበረው። እገዳው ከዛሬ ጀምሮ መነሳቱን፣ ጉዳዩም መዘጋቱን እየገለጽን፣ መደበኛ ሥራዎን እንዲቀጥሉ። ያልተከፈለ ደሞዙም እንዲከፈለው ይላል። ኃላፊው ቢሮው ድረስ ጠርቶ ጨበጠው።

«አየህ? ምን ነበረበት ከመጀመሪያው እንዲህ ብትሆን?»

«በደንብ ስለነዳ ነው ያሳለፍኩት።»

«እሱማ። በደንብ ስለነዳ ነው።» ኃላፊው ሳቀ።

«ውሳኔውስ? ጥፋተኛ ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

«ተመለስክ አይደል እንዴ?»

«ሳልጠየቅ ታገድኩ፤ ሳልጠየቅ ተመለስኩ። ጥቆማው ይታይልኝ። የከሰሰኝ ካለ ይምጣ፣ ምስክር አለኝ፣ አራት ገጽ መልስ ጽፌአለሁ። ይጣራ ብላችሁ አይደለም ወይ ያገዳችሁኝ? ይጣራ እንግዲህ።»

ኃላፊው እጁን ለቀቀና ከልቡ ግራ ተጋብቶ አየው። «ጋሼ፣ የተዘጋ ጉዳይ አይጣራም። አንተ ደግሞ ነገር ትወዳለህ።»

ጉባኤውም ከዚህ የተሻለ አላለውም። ጸሐፊው አራተኛዋን ደብዳቤ አንብቦ በሁለት ጣቱ መለሰለት። አቤት የሚለው የታገደ ሰው ነው፤ አንተ ሥራህ ላይ ነህ፤ ምን ይደረግልህ? ይልቅ እንኳን ደስ አለህ አለው። ፈታኙ አናጺው ዘንድ ሄዶ ቀኑ እንደቀረ ነገረው። አናጺው ያልገባው ቢሆንም «ከተመለስክ ምን ቸገረህ» ብሎ ሊያጽናናው ሞከረ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ባልደረቦቹ ዓይናቸውን ከወለሉ ላይ አነሱ። ይቀልዱበት ጀመር፤ ወዳጅነት ነው ነገሩ። አንዱ ሻይ ይዞለት መጥቶ «እንኳን ወደ ሰው ተቀላቀልክ» አለው። ሚስቱ አቀፈችው፤ ከስድስት ወር ወዲህ እንዲህ አቅፋው አታውቅም።

«እንኳንም ሰማኸኝ፤» አለች።

«አልሰማሁሽም። በደንብ ነድቶ ነው።»

«እሺ።»

«ውሻ እንኳ አሳልፏል እያልኩሽ።»

«እሺ አልኩህ እኮ። በደንብ ነድቶ ነው፤» አለችና ጉንጩን ዳበሰችው። ልጅ ጥርሱን እንዳልቦረሸ እያወቁ «እሺ፣ ቦርሸሃል» እንደሚባለው ነው ያለችው። እሱም ደግሞ ሊያስረዳት አፉን ከፍቶ ድካም ያዘው።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዋ ተፈታኝ አርባ ዓመት የሚሆናት ልብስ ሰፊ ነበረች። ፍሪሲዮኑ ላይ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ኮኖቹን እንደ ምንም አለፈቻቸው፤ ዳገቱ ላይም ተንገራግጋ ተነሳች። መንገድ ላይ ግን ቀይ መብራት እያየች መጣችና ለማቆም የምታስብ አትመስልም። ፈታኙ ረገጠ። ቅጹን አውጥቶ ጻፈ።

ሴትየዋ አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። መኪናዋን ዳር አስይዟት ሞተሩን ስታጠፋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በአክብሮት ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ማንን ነው ማናገር ያለብኝ?»

«ማንን? ለምኑ?»

«አይ፣ እርስዎ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚቀርብዎ ሰው ካለ በሱ በኩል…»

ደሙ ፈላ። ከዚያ ግን ቁጣው አፉ ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆኖ ወጣ። ቅጹን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጦ ወደ እሷ ዞረና ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት። ስለ አናጺው፣ ስለ ሦስቱ መስመር፣ መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ስላለው አራት ገጽ፣ ስለ ስልሳ ቀኑና ስለ አንዷ ቀን፣ አስተካካዩ ስለጠየቀው ጥያቄ ነገራት። ሴትየዋ ጥሩ አድማጭ ነበረች። አንድም ጊዜ አላቋረጠችውም፤ ሲከፋው ከንፈሯን መጠጠች፣ ያልገባትን ጠየቀች። ሲጨርስ ከትከሻው ላይ አንድ ነገር የወረደለት መሰለው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃሉን የሰማው የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት።

«ከባድ ነው፣ ጋሼ፤» አለች። «እና ሰውዬው በመጨረሻ አለፈ?»

«አለፈ።»

«በደንብ ነድቶ?»

«በደንብ ነድቶ።»

ሴትየዋ ራሷን ላይ ታች ነቀነቀች። ቦርሳዋን ከኋላ ወንበር አነሳች፣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ገባኝ፤» አለች። «እኔ ግን ለኃላፊ የተዳረች እህት የለችኝም። እንደ እኔ ያለው ሰው ምን ያድርግ?»

ፈታኙ መንገዱን አየ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፤ መኪኖች በጎናቸው ያልፋሉ።

«ተለማመጂ፣ እህቴ፤» አላት። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ።»

ሴትየዋ እጇን የበሩ መክፈቻ ላይ አድርጋ፣ የቀረውን፣ ማንን እንደምታናግር፣ እስኪነግራት ድረስ ጠበቀችው።